ሉሚን ልጅ የላትም

ይህ ክፍለ ሀገር ሰው የሚፈልገው ሰው መኖር በማይፈልግበት ቦታ ነው። የእኛ ከተማ አንዷ ናት። ከተማ የምላት ለክብሯ ብዬ ነው፤ በማኒቶባ ሜዳ መሀል አንድ የአሳማ ቄራ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሱፐርማርኬት፣ የቀረው ስንዴና ነፋስ ነው። የአገሩ ወጣቶች ጢም ማብቀል ሲጀምሩ ወደ ዊኒፔግ ይሸሻሉ። ስለዚህ ቄራው እኛን ከፊሊፒንስ ያስመጣል። ሳንታመምና ከአለቃ ሳንጣላ ቢላዋ ይዘን ከቆምን ቄራው ይመሰክርልናል፣ ክፍለ ሀገሩ ስፖንሰር ይሆነናል፣ ከዚያ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይመጣል። ባልም ሚስትም ልጅም የሚመጡት በዚያ ነው። ለአሳማ ፍቅር ብሎ እዚህ የቆመ የለም።

እኔ ቻሪንግ እባላለሁ። ከእኔ የሚያንሱት ሁሉ፣ ማለትም ቄራው በሙሉ ማለት ይቻላል፣ እትዬ ቻሪንግ ይሉኛል። ምላሴ አያርፍም፤ እሱን አልክድም። የሉሚንን ነገር የማወራው ግን ለሐሜት አይደለም። ለሐሜትማ ቢሆን ሰው ሁሉ ከእኔ በፊት አውርቶ ጨርሶታል።

ሙሉ ስሟ ኢሉሚናዳ ነው። እንደ እኔው የኢሎኮስ ልጅ ናት፤ ከትምባሆ ገበሬዎች መንደር። በጥር ወር፣ የአገራችንን ዝናብ እንኳ በማይመልስ ስስ ጃኬት፣ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ምድር ቤት ያለውን ክፍል ሰጠኋት። ቄራ ውስጥ አጠገቤ ቆማ ሥጋውን ከስቡ ትለያለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ለማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ደፍነው እየተጯጯሁ ባሎቻቸውን ሲያሙ እሷ ቢላዋዋን ትስላለች። ፎርማኑ በጣም ይወዳት ነበር። ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው የማይወድ አለቃ የት አለ?

ሁላችንም በመርከብ የሚሄድ ትልቅ ካርቶን ለቤተሰብ እንልካለን። የእኛ ካርቶን ቸኮሌት፣ የታሸገ ሥጋ፣ ሳሙናና ለዘመድ አዝማድ የሚበተን ፎጣ ነው። የሉሚን ካርቶን ግን የአንዲት ልጅ ብቻ ነበር። ሱቅ ገብተን ጫማ ስትመርጥ እጇን ጫማው ውስጥ ከትታ ብዙ ትቆያለች። ለታናሽ እህቷ እንደሆነ፣ ጆቬሊን እንደምትባል ነገረችኝ። እህት ያላት ሴት ሞልታለች፤ የእህቷ እግር ስንት ደርሶ ይሆን ብላ ሱቅ መሀል እንባ የሚያቀርራት ግን አላየሁም። ያኔውኑ ገባኝ። የኢሎኮስ ሰው ሆኖ የማይገባው የለም።

በእኛ ዘንድ ያላገባች ልጅ ስታረግዝ እናቷ ሆዷ ሳይገፋ ይዛት ሩቅ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ትሄዳለች። የሚመለሱት ሕፃን ይዘው ነው፤ አራስ ሆና የምትተኛው ግን አያትየዋ ናት። ጎረቤቱ የዶሮ ሾርባ በሽፈራው ቅጠል ሠርቶ እየያዘ ይመጣል፤ ፀጉሯ የሸበተውን ሴትዮ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላታል፤ እሷም ሾርባዋን ትጠጣለች። ማንም አይስቅም፣ ማንም አይጠይቅም። ልጁ በመዝገብ የአያቱ ልጅ ይሆናል፤ የወለደችውን እናቱን እትዬ እያለ ያድጋል። ክፋት የለውም። ልጅቷን መጠቋቆሚያ ከመሆን፣ ሕፃኑንም "አባቱ ማነው" ከመባል ያድናል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል፤ ጨዋነታችን እሱ ነው። አንድ ቀን ካናዳ የሚባል አገር መጥቶ ማን ማንን ወለደ ብሎ ይጠይቃል ብሎ ማን አሰበ?

በጋ ሲሆን ጓሮዬ ውስጥ በባልዲ የአገራችንን መራራ ቅል እተክላለሁ። አንድ ቅዳሜ ውሃ እያጠጣችልኝ ሳለ ራሷ አወጣችው። ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሌላ ከተማ ሚስት እንዳለችው የታወቀው ኋላ ነው። ሉሚን ወልዳ ጡቷ ሳይደርቅ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች፤ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ ወደዚህ መጣች። "ጆቬሊን ልጄ ናት" አለችኝ። ይህን ቃል ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ይመስለኛል፤ ተናግራ ሰው ሰምቶ እንደሆን ዙሪያዋን ቃኘች። ከእኔና ከቅሉ በቀር ማንም አልነበረም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈቃዷን አግኝታ ልጅቷን ማምጣትና ማንም በማያውቃቸው አገር እናትና ልጅ ሆኖ መኖር።

የእኛ ተራ ደረሰ። ቄራው መሰከረልን፤ ክፍለ ሀገሩም ተቀበለን። አቶ ኡባልዶ የሚባል የአገራችን ሰው አለ፤ ማኒላ ጠበቃ ነበር፣ እዚህ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ወረቀታችንን ይሞላል። ሁላችንንም ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስቦ እንደ ቄስ ቆሞ አስጠነቀቀን። ልጆቻችሁን በሙሉ አስመዝግቡ አለ፤ የሚመጣውንም፣ የማይመጣውንም፣ ከቀድሞ ባል ዘንድ ያለውንም፣ ያኮረፋችሁንም። ዛሬ ስሙን ያልጠራችሁት ልጅ ነገ ብታለቅሱም አይመጣም፣ በኢሚግሬሽን ዓይን አልተወለደም ማለት ነው አለ። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዱ ሚስቱ ስለማታውቀው ልጅ ሊጠይቅ ፈልጎ "ለጓደኛዬ ነው" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሉሚን አልሳቀችም፤ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች፤ ምልክቱ ለቀናት አልጠፋም።

ሉሚን ጆቬሊንን ልጄ ናት ለማለት የራሷ እናት እማማ ሆሴፋ ፍርድ ቤት ቀርባ እኔ አልወለድኳትም፣ መዝገቡን የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረባት። እማማ ሆሴፋ ማለት የሰፈሩን መቁጠሪያ ጸሎት የምትመራ፣ ሌላዋ ስትሳሳት በዓይኗ የምትገሥጽ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ገና መንፈቅ አልሞላም፤ እኛ ደግሞ ዓመቱ ሳይወጣ ጥቁር አናወልቅም፣ ሠርግ አንደግስም፣ የቤት ጉድ ወደ ውጭ አናወጣም። ሉሚን በመጀመሪያ ስትደውል እናቷ የሐዘኑ ዓመት ይለቅ ብላ መለሰቻት። የሥራ ፈቃዷ ግን የሐዘኑን ዓመት የሚጠብቅ አልነበረም። አቶ ኡባልዶ ለሁላችንም የልጁን ስም ብቻ አስገቡ፣ ማስረጃው በኋላ ይደርሳል ብሎን ነበር፤ እማማ ሆሴፋ ደግሞ የመንግሥት ሰው ደውሎ ከጠየቀኝ ወልጃታለሁ ብዬ በመስቀል እምላለሁ አለች።

ሁለተኛውን ጥሪ ሰምቻለሁ፤ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ ነው የደወለችው።

"እማዬ፣ ልጄ ናት እኮ" አለች ሉሚን።

"ማንን ነው ልጄ የምትይው? ኩፍኝ ሲይዛት አንቺ ነሽ ያደርሽው? አንቺማ የቻይና ልጅ ታዝዪ ነበር።"

"ላካችሁኝ እንጂ መች ወደድኩ?"

"እሺ ይሁን፣ ውሰጃት። መጀመሪያ ግን አንቺው ንገሪያት። እህትሽ አይደለሁም፣ አባትሽ ያልሽውም አባትሽ አይደለም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ስንዋሽሽ ኖርን በያት። ትምህርት ቤት ሄዳ መሳቂያ ትሁን። ለዚህ ነው የምትወጃት?"

ሉሚን ሌላውን ሁሉ ተከራክራ ነበር፤ ይችኛዋ ግን አንጀቷ ውስጥ ገባች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እኔ ምላሴን አልያዝኩም። አንቺ ሞኝ፣ ንገሪያት፣ ዛሬ ብታለቅስ ነገ ይወጣላታል አልኳት።

"እትዬ ቻሪንግ፣ ከጠላችኝስ?"

"እዚህ መጥታ ትጥላሽ።"

ፈገግ አለች። ብዙ ጊዜ ፈገግ ስትል እሺ ያለች ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ አቶ ኡባልዶ ዘንድ ሄዳ ልጅ አለሽ ወይ ለሚለው የለኝም ብላ ፈረመች። አቶ ኡባልዶ ብዕሩን ይዞ ትንሽ ጠበቃት አሉ። እሱም የኢሎኮስ ሰው ነው፤ ገብቶታል። ግን ጨዋ ነው፤ አልጠየቃትም። እንዲህ ያለውን ጨዋነት እሳት ይብላው።

ፈቃዱ መጣ። ድግሱ እኔ ቤት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አሳማ ስንቆርጥ ከርመን ቅዳሜ ደግሞ አሳማ ጠበስን፣ ሌላ ደስታ የማናውቅ ይመስል። ኑድል ተሠራ፣ በማይክ ተዘፈነ። ከእኛ ጋር ፈቃድ ያገኙት የአውሮፕላን ቀን ይቆጥራሉ፤ የማን ልጅ ስንት ክፍል እንደሚገባ፣ የማን ሚስት ብርዱን እንደማትችል ይሟገታሉ። አንዱ ጠጣ ያለ ሉሚንን "አንቺ ምን አለብሽ፣ ነፃ ሴት፤ አሁን ነጭ ባል ፈልጊ እንጂ" ብሎ አሾፈባት። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባችና የቆሸሸውንም ንጹሑንም አብራ ስታጥብ ቆየች።

በቀጣዩ ዓመት የሌሎቹ ልጆች መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በልጅ ጩኸት ሞላ። ሉሚን ለሁሉም ሹራብ ትሰጣለች፣ የሁሉንም ንፍጥ ትጠርጋለች። በየሳምንቱ ከጆቬሊን ጋር ታወራለች፤ ልጅቷ ስለ ፈተናዋና ስለ ጓደኞቿ ትነግራታለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። አንዳንዴ ወይ ንገሪያት ወይ ተዪው እያልኩ እቆጣት ነበር። እማማ በሕይወት እያለች እንዴት ብዬ ትላለች። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ዓመት እንዴት እንደሚያልፍበት አይታወቀውም።

ጆቬሊን አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት እማማ ሆሴፋ ጸሎት እየመራች ወደቀች፤ አልተነሳችም። ሉሚን ሄዳ ቀበረች። ለልጅቷ ልትነግራት ነበር የሄደችው፤ ዘጠኙን የጸሎት ቀን ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ከረመ፣ ልጅቷም ክንዷ ላይ ተጣብቃ ዋለች፤ እንዲህ ሆና ሐዘን ላይ ሐዘን እንዴት ልጨምርባት ብላ ሳትነግራት ተመለሰች። ጆቬሊን አክስቷ ዘንድ ገባች። አክስትየዋ ክፉ አይደለችም፤ የራሷ ልጆች ግን ብዙ ናቸው። "እትዬ፣ ውሰጂኝ እንጂ፤ እዚህ ማን አለኝ?" ትላታለች በየስልኩ።

ያኔ ነው አቶ ኡባልዶ ዓይኑ እየበራ ቤቴ የመጣው። ሕጉን አገላብጦ አንድ በር አግኝቷል። እናትና አባት የሞቱባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት እህት በእህቷ ስፖንሰርነት መምጣት ትችላለች። ጆቬሊን በመዝገብ እናቷም አባቷም ሞተዋል። ውሸቱ ራሱ በር ከፈተላት! ሉሚን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ስታለቅስ ሳያት ያኔ ብቻ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሁለተኛ አልጋ አስገባች። ለክረምቱ ወፍራም ካፖርት ገዛች፣ መጋረጃውን ለወጠች፣ ፎርማኑን ሳይቀር እህቴ ልትመጣ ነው አለችው። ያቺ ዝምተኛ ሴት በመስመሩ ላይ ቆማ ማንጎራጎር ጀመረች። እናቷ ሆና ባትመጣም እህቷ ሆና ትምጣ፤ እዚህ ስትደርስ እነግራታለሁ፣ ብትጠላኝም እዚሁ ትጥላኝ አለችኝ። የራሴን ቃል ነበር የመለሰችልኝ።

የኢሚግሬሽን ቢሮው ግን ሟቿ ጆቬሊንን ወለደች የተባለችበትን ዕድሜ አስተዋለ። አርባ ስድስት ዓመት። እህትማማችነታችሁ በዲኤንኤ ይረጋገጥ አሉ።

አቶ ኡባልዶ ያን ቀን ጠበቃነቱ ትዝ አለውና እውነቱን ነገራት፤ ማመልከቻውን ማንሳት ትችያለሽ፣ ምርመራው ከመጣ ግን የሚሆነውን ታውቂዋለሽ አላት። ብታነሳው ልጅቷ አሥራ ስምንት ይሞላታል፣ በሩም ይዘጋል። ባታነሳው ደግሞ ምራቋ ይመሰክርባታል። ከሁለት ክፉ አንዱን እንድትመርጥ አብሬያት ስንት ቀን ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ዊኒፔግ ሄደን ጉንጯን በጥጥ ጠረጓት። በአውቶቡስ ስንመለስ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደግፋ፣ "እትዬ ቻሪንግ፣ እናትና እህት ደማቸው ይቀራረብ ይሆናል እኮ፤ ማሽን አይደል፣ ላይለየው ይችላል" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ አረፈ። ጆቬሊንም እዚያ ላዋግ ከተማ ሄዳ ምራቋን ሰጠች፤ ካናዳ የምትገባበት ፈተና መስሏት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ ተነስታ ላከችልን።

ማሽኑ ለየው። እህት አይደለችም፣ ልጅ ናት ተባለ። ልጅ ደግሞ እናትየዋ ፈቃድ ስታገኝ ያልተመዘገበች ስለሆነች በቤተሰብነት መምጣት አትችልም። አቶ ኡባልዶ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበልን፤ ከዚያ ባርኔጣውን ይዞ ወጣ። የሉሚንን የራሷን ፈቃድ ስላልነኩት እንኳን አተረፉሽ አልኳት። እንደዚያ ማለቴ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል፤ ምን ተረፈና?

ልጅቷ ግን ትጠብቃለች፤ ለምን እንደቀረች መስማት አለባት። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ እዚያ ሲነጋ ማለት ነው፣ ሉሚን ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስልኩን አስቀምጣ ደወለች። ልውጣላችሁ ስላት ቀሚሴን ያዘች። ሰላምታውን እንዴት እንዳለፈችው አላውቅም፤ እየተንተባተበች ከሹፌሩ ጀምራ፣ የሩቅ ዘመድ ቤቱን፣ ሾርባውን፣ ሁሉንም አወጣችው። እናትሽ እኔ ነኝ ስትል ድምጿ ተሰበረ። በስልኩ ዶሮ ሲጮህ ተሰማን።

"አውቃለሁ" አለች ጆቬሊን።

ሉሚን ወደ እኔ ዞረች፤ የሰማችው ልክ መሆኑን እኔ የማረጋግጥላት ይመስል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያ ቁርባኔ ጀምሮ፣ ገና ሕፃን ሳለሁ። ፀጉሬን የምትሠራኝ ሴትዮ ናት የነገረችኝ። ደግሞ ማን የማያውቅ አለ? ትምህርት ቤት እንኳ ያውቃሉ። ማንም ስቆብኝ አያውቅም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እማማ ታዝናለች ብዬ። ደግሞ አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ለቀብሩ ስትመጪ፣ ዘጠኙንም ቀን ዛሬ ትነግረኛለች ስል ነው የከረምኩት።"

ልጅቷ ቀጠለች፤ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"ያኔ ልጅ አለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?"

"የለኝም አልኩ።"

"ለምን?"

"አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ።"

ከዚያ የአክስቷ ልጆች ሲጯጯሁ፣ አንድ ሞተር በር ላይ ሲቆም ተሰማ። ጆቬሊን የሚወስዳት ሞተር እንደመጣ፣ ትምህርት እንደሚረፍድባት ተናገረች። ደህና ሁኚም አለች፤ በትህትና፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ሉሚን ትሰማኝ እንደሆን ብላ ስሟን ደጋግማ ጠራች፤ መስመሩ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስልክ ብዙም አታነሳም። አሥራ ስምንት ሞላት፤ አሁን ኩዌት ሰው ቤት ልትሠራ ትሄዳለች ብላ አክስትየዋ ነገረችን። ሉሚንን አገርሽ ግቢ፣ ሂጂና እግሯ ላይ ውደቂ ብያት ነበር። ስሄድ እሷ የለችም፣ እሷም ስትመለስ እኔ እዚህ ነኝ አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አላወራንበትም። ሁለተኛውን አልጋ አላወጣችውም። ጠዋት ጠዋት ትነሳለች፣ ቦት ጫማዋን ታደርጋለች፣ አጠገቤ ቆማ ሥጋውን ከስቡ ትለያለች፤ ፎርማኑ አሁንም ይወዳታል። ቋሚ ነዋሪ ናት። ከዚህ ማንም አያስወጣትም።